ናጊናታ፦ ስለ ጃፓኑ ባለ ረጅም ዛቢያ ስለት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ናጊናታ ጦር ነው ወይስ ጎራዴ?

በጦርና በጎራዴ መካከል ያለ፣ ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። ጦር ዋና ሥራው መውጋት ነው፤ ናጊናታ ግን ዋና ሥራው መቁረጥ ነው፤ መውጋት ቢችልም። ብዙዎቹ ስለቶች ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተሳሉ፣ ወደ ጫፋቸው ቀና ብለው የሚቆለመሙ ናቸው። ዛቢያው ከ1.2 እስከ 2.4 ሜትር ይደርሳል።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ ጽሑፍ ናጊናታ የሚጻፈው «ረጅም ጎራዴ» የሚል ትርጉም ባላቸው ፊደላት ነበር። ኋላ የእጅ ጎራዴዎችም ረጅምና አጭር እየተባሉ መለየት ሲጀምሩ አጻጻፉ አምታታ። ስለዚህ ንባቡ ሳይለወጥ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ «ማጨድ» በሚለው ተተካ። አሠራሩን ያየ ሰው ይህ ፊደል ለምን እንደተመረጠ አይጠፋውም፤ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ከወገብ የሚነሳ ምት ነው። እህል ያጨደ ሰው ወገብ ያንን ያውቀዋል።

ከምን ከምን ክፍሎች ይሠራል?

ከውጭ የሚታየው ስለቱና ዛቢያው ነው፤ ብልሃቱ ያለው ግን በማይታየው ክፍል ላይ ነው። ከስለቱ ሥር የሚቀጥለውና ዛቢያው ውስጥ የሚገባው ብረት ናካጎ ይባላል። በናጊናታ ላይ ናካጎው በጣም ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለቱን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ረጅም ዛቢያ ጫፍ ላይ ያለ ስለት አንድ ነገር ሲመታ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ብረትና እንጨት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ናካጎው አጭር ቢሆን እንጨቱ በመጀመሪያው ከባድ ምት ይሰነጠቃል።

ናካጎው የሚታሰረው መኩጊ በሚባል የቀርከሃ ችንካር ነው፤ ችንካሩ በእንጨቱና በብረቱ ቀዳዳ አልፎ ይገባል። የዛቢያው የላይኛው ክፍል እንዳይሰነጠቅ በገመድ ወይም ራታን በሚባል ጠንካራ ሐረግ ይጠመጠማል፣ በብረት ቀለበትም ይታሰራል፤ ከዚያ ኡሩሺ የሚባል የዛፍ ሙጫ ይቀባል። ከግርጌው ኢሺዙኪ የሚባል የብረት ቆብ አለ። ኢሺዙኪ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ የስለቱን ክብደት ያመዛዝናል፣ ዛቢያው መሬት ሲነካ እንዳይበላ ያደርጋል፣ ጠላት ሲጠጋም ተገልብጦ ይመታበታል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ልብ አይልም። የጥሩ ናጊናታ ዛቢያ ተቆርጦ ቢታይ ክብ አይደለም፤ እንቁላል መሰል ሞላላ ነው። ስለቱ ወዴት እንደዞረ እጅ ሳያይ የሚያውቀው በዚህ ነው። ዛቢያው ድቡልቡል ከሆነ በሽክርክሪቱ መሃል ይዞርና ምቱ በስለት ሳይሆን በጎን ያርፋል፤ ያኔ አይቆርጥም፣ ብረቱም ሊጣመም ይችላል።

የመኩጊው ነገርም አለ። ቀርከሃ ሲደርቅ ይኮማተራል። ዛቢያውን በመዳፍ መታ መታ ሲያደርጉት ስለቱ ከተንቀጫቀጨ ችንካሩ ላልቷል ማለት ነው። መፍትሔው ከደረቅና ካረጀ ቀርከሃ አዲስ መጥረብ እንጂ ወረቀት ወይም ክር መወተፍ አይደለም።

መቼ ተጀመረ?

በናራ ከተማ የሚገኘው የሾሶኢን ግምጃ ቤት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉ ቴቦኮ የሚባሉ ባለ አጭር ዛቢያ ስለቶችን ይዟል። አንዳንድ ሊቃውንት ናጊናታን ከእነዚህ ያወርዱታል፤ ሌሎች ደግሞ የታቺ ጎራዴ እጀታ እየረዘመ ሄዶ የመጣ ነው ይላሉ። በጽሑፍ ቀድሞ ከተጠቀሰባቸው ቦታዎች አንዱ በ1146 በተመዘገበ ጉዳይ ላይ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሚናሞቶና በታይራ ቤተሰቦች መካከል በተደረገው የጌንፔይ ጦርነት (1180–1185) ጊዜ ግን በሰፊው በሥራ ላይ ነበር።

በእጅ የሚገኙት ስለቶች በአብዛኛው ከካማኩራ ዘመን (1185–1333) ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት በጣም የሚያንሱት ብረት ውድ ስለነበረ ነው፤ ያረጀ ስለት ተቆርጦ ሌላ ነገር ይሠራበት ነበር። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን።

የተዋጊ መነኮሳት መሣሪያ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የእነሱ ብቻ አልነበረም። በናራ ያለው ኮፉኩጂ፣ በሂኤይ ተራራ ላይ ያለው ኤንርያኩጂ፣ በሥሩ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ ያለው ሚኢዴራ ሰፊ ርስት የነበራቸው ገዳማት ናቸው፤ ርስታቸውንም በታጠቀ ኃይል ያስጠብቁ ነበር። ራሱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ናጊናታ የያዘ መነኩሴ የሥዕል ጥቅልሎች የሚወዱት ምስል ነው።

በጣም የታወቀው ታሪክ በ1180 በኡጂ ድልድይ የተደረገው ውጊያ ነው። የሚኢዴራ መነኮሳትና የሚናሞቶ ኖ ዮሪማሳ ሰዎች የታይራ ጦር እንዳይሻገር የድልድዩን ሳንቃ ነቀሉ። «ሄይኬ ሞኖጋታሪ» እንደሚተርከው ጎቺኢን ኖ ታጂማ የተባለ መነኩሴ ብቻውን ወደ ድልድዩ ወጣ። ከፍ ብሎ የመጣውን ቀስት አጎንብሶ አሳለፈው፤ ዝቅ ያለውን ዘለለው፤ ፊት ለፊት የመጣውን በናጊናታው ቆረጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቀስት ቆራጩ ታጂማ» ተባለ። ይህ ቢዋ በሚባል የክር መሣሪያ እየታጀበ በአዝማሪዎች አፍ የኖረ ትረካ መሆኑን አለመርሳት ነው። እንደ አዝማሪ ሥራ ደግሞ ግሩም ነው።

በዚያው ጦርነት ከሳሙራይ ጋር የሚሄዱ እግረኞችም ናጊናታ ይይዙ ነበር። በ1274 እና በ1281 ሞንጎሎች በመጡ ጊዜ የተዋጋው ታኬዛኪ ሱዌናጋ ባሠራው የሥዕል ጥቅልል ላይም ናጊናታ የያዙ ተዋጊዎች ይታያሉ።

በጦር ሜዳ ላይ ጥቅሙ ምን ነበር?

ክልል መያዝ። ናጊናታ የያዘ እግረኛ በዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ማንም የማይደፍረው ቦታ ይፈጥራል። ፈረሰኛ ቢመጣ የፈረሱን እግር ያጭደዋል፤ ፈረሱ ሲወድቅ ከባድ ጥሩር የለበሰው ሰው አብሮ ይወድቃል። የቅልጥም መከላከያው ሱኔአቴ የተስፋፋው ናጊናታ ዝቅ ብሎ ስለሚመታ ነው የሚባለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ዛሬም በስፖርቱ ውስጥ ቅልጥም ሕጋዊ የመምቻ ቦታ ነው፤ ኬንዶ በሚባለው የጎራዴ ስፖርት ግን አይደለም።

ታዲያ በጦር ለምን ተተካ?

ሰው ስለበዛ ነው። ከኦኒን ጦርነት (1467–1477) በኋላ መሳፍንቱ አሺጋሩ የሚባሉ እግረኞችን በሺህ እየመለመሉ ማሰለፍ ጀመሩ። ናጊናታ ለመወዛወዝ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ በጠባብ ሰልፍ ውስጥ የመጀመሪያው ተጎጂ ጎረቤት ነው። ያሪ የሚባለው ቀጥ ያለ ጦር ግን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመው ወደ ፊት ብቻ ይገፉታል። ገበሬን በጥቂት ሳምንት ያሪ ማስያዝ ይቻላል፤ ናጊናታ ግን እጅ መቀያየርን፣ ዛቢያ ማንሸራተትን፣ ርቀት መለካትን የሚጠይቅ በመሆኑ ልምምዱ ረጅም ነው። የያሪ ስለት ትንሽ ብረት ይበቃዋል፤ የናጊናታ ስለት ግን ጎራዴ ሊወጣው የሚችል ብረት ይበላል። የሰልፈኞች ያሪ ዛቢያ ከ5 ሜትር በላይ እየሆነ ሲሄድ ናጊናታ በርቀትም ተበለጠ። በ1543 በታኔጋሺማ ደሴት በኩል ጠመንጃ ሲገባ ነገሩ አለቀ።

ናጋማኪ የሚባለው ሌላ ስሙ ነው?

አይደለም፤ በሙዚየም ውስጥ ግን ብዙ ሰው ያደናግረዋል። መለያው እጀታው ነው። ናጋማኪ ትልቅ ጎራዴ ነው፤ እጀታው ስለቱን ያህል ረዝሞ እንደ ጎራዴ እጀታ በገመድ ወይም በቆዳ ከላይ እስከ ታች ተጠምጥሟል። አያያዙም እንደ ጎራዴ ነው፤ ቀኝ እጅ ወደ ስለቱ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ እጆቹም ብዙ አይንሸራተቱም። ናጊናታ ደግሞ ለስላሳ የእንጨት ዛቢያ ስላለው እጅ እንደ ልብ ይንሸራተትበታል፤ ግራና ቀኝ እጅ ቦታ ይለዋወጣሉ። ዛቢያው ጠፍቶ ባዶ ብረት ብቻ ከሆነ የቀረው ልዩነቱን መናገር ለባለሙያም ይከብዳል።

«ከናጊናታ የተለወጠ» የሚባለው ጎራዴ ምንድን ነው?

ናጊናታ ናኦሺ ይባላል። ጦር ሜዳው ሲለወጥ ባለቤቶች ጥሩ ጥሩ ስለቶቻቸውን ለጎራዴ ሠሪ ሰጥተው ረጅሙን ናካጎ አስቆረጡ፣ ወደ ኋላ የተቆለመመውን ጫፍ ከጀርባው በኩል አስሞረዱ፤ በወገብ የሚታጠቅ ጎራዴም ወጣው። በኪዮቶ የቶዮኩኒ መቅደስ ንብረት የሆነው ሆኔባሚ ቶሺሮ የዚህ ዓይነት ሥራ ዝነኛ ምሳሌ ነው። ስሙ «አጥንት ነካሽ» እንደ ማለት ነው።

የዚህ ሥራ አንድ ጉዳት አለው፦ የሠሪው ስም የሚቀረጸው ናካጎ ላይ ስለነበር ሲቆረጥ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ጥንታዊ ስለት ያለ ስም የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት የሚቻለው ጫፉን በብርሃን አዘንብሎ በማየት ነው። ስለቱ በእሳትና በውሃ ሲጠነክር ጠርዙን ተከትሎ ነጣ ያለ መስመር ይወጣል። በተራ ጎራዴ ላይ ይህ መስመር ጫፉ ዘንድ ሲደርስ ዞሮ በጀርባው በኩል ትንሽ ይመለሳል። በናጊናታ ናኦሺ ላይ ግን ጀርባው ተሞርዶ ስለተነሳ መስመሩ ሳይመለስ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ያልቃል። ቅርጹ የናጊናታ፣ መስመሩ ግን ተመልሶ የሚዞር ከሆነ፣ ናካጎውም ያልተነካ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው በዚያ ቅርጽ የተሠራ ጎራዴ ነው ማለት ነው። ይህም ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ቅርጹ ስለሚወደድ ሆን ብለው የሠሩት ብዙ ናቸው።

ቶሞኤ ጎዘን በናጊናታ ተዋግታለች?

ሥዕሎቹ እንዲህ ያሳያሉ፤ ትረካው ግን አይልም። በሰፊው በሚነበበው የ«ሄይኬ ሞኖጋታሪ» ቅጂ፣ በ1184 የሚናሞቶ ቤተሰብ የጦር አለቃ ኪሶ ዮሺናካ በአዋዙ ሲሸነፍ አብራው የነበረችው ሴት ተዋጊ ቶሞኤ የምትመሰገነው በቀስትና በጎራዴ ነው። ናጊናታውን በእጇ ያስያዟት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሠዓሊዎች ናቸው፤ በእነሱ ዘመን ናጊናታ የሴት መሣሪያ ሆኖ ነበርና። በ1201 አመፅ የተዋጋችው ሃንጋኩ ጎዘንም እንዲሁ ናት፤ የተመሰከረላት ቀስተኛነቷ ነው።

ሰፊና ይበልጥ የተቆለመመው ስለት «የቶሞኤ ቅርጽ»፣ ቀጠን ያለውና ቀና ያለው በዚያው ዘመን በነበረች በሌላ ሴት ስም «የሺዙካ ቅርጽ» መባሉም ኋላ የወጣ ስያሜ ነው። ሴቶቹ እነዚህን ቅርጾች ስለመያዛቸው ማስረጃ አይሆንም።

እንዴት የሴቶች መሣሪያ ሆነ?

ከ1603 ጀምሮ የቶኩጋዋ አገዛዝ ሰላም ሲያወርድ ወንዱ ሳሙራይ ሁለት ጎራዴ ታጥቆ ወደ ቢሮ ሥራ ገባ። ናጊናታው ቤት ቀረ፤ ቤት ያለችው ደግሞ ሴቷ ናት። የሳሙራይ ልጅ ስትዳር ወደ ባሏ ቤት ይዛው ከምትሄደው ዕቃ መካከል በቤተሰቡ አርማ ያጌጠ ናጊናታ ይገኝ ነበር፤ በበር አናት ላይ ይሰቀላል። ርዝመቱ የአካል ጉልበት ልዩነትን ያጠብባል የሚለው ማብራሪያ ተደጋግሞ ይሰማል፤ ውሸት አይደለም፤ ግን ዋናው ምክንያት የጦር ሜዳ ሥራው ማለቁ ነው። ሥራ ላይ ያለን መሣሪያ ወንዶቹ ለማንም አይለቁም ነበር።

በወንዶችም ዘንድ ጨርሶ አልጠፋም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢዛሳ ኢዬናኦ የመሠረተው የካቶሪ ሺንቶ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ከጎራዴ ጋር ናጊናታ ያስተምራል።

በ1876 ጎራዴ በአደባባይ መታጠቅ ሲከለከል ሙያው ሊሞት ደረሰ። ያተረፉት በአብዛኛው ሴት መምህራን ናቸው። ከእነሱ ግንባር ቀደሟ ሶኖቤ ሂዴኦ (1870–1963) ነበረች፤ ከሳታኬ ባልና ሚስት ተምራ የጂኪሺንካጌ ናጊናታ ትምህርት ቤት አለቃ ሆነች። በ1895 በኪዮቶ በተመሠረተው የጃፓን የማርሻል አርት ማኅበር፣ በዳይ ኒፖን ቡቶኩካይ መድረክ ወንድ ጎራዴኞችን ገጥማ በማሸነፏ ትታወቃለች። ሌላው ታላቅ መስመር የሚታሙራ ቤተሰብ ያቆየው የቴንዶ ትምህርት ቤት ነው። በ1930ዎቹ ናጊናታ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ትምህርት ሆነ፤ ጦርነቱ ሲፋፋም ትምህርቱ ወደ ወታደራዊ ሥልጠና ተሳበ፤ በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ወራሪው ኃይል ከትምህርት ቤት አስወጣው።

በዘመናዊ ጦርነት ላይ ያገለገለበት ጊዜ አለ?

አለ፤ በ1868። በቦሺን የእርስ በርስ ጦርነት የአዲሱ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጦር የአይዙን ግዛት ሲከብ ናካኖ ታኬኮ የተባለች በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች የናጊናታ መምህርት ሃያ ያህል ሴቶችን መርታ ወጣች። የአይዙ ሹማምንት በይፋ አልተቀበሏቸውም፤ በራሳቸው ፈቃድ ነው የተሰለፉት። የመንግሥቱ ወታደሮች ሴቶች መሆናቸውን ሲያዩ በሕይወት እንዲያዙ ታዘዙ ይባላል፤ ተኩሱ ጋብ ባለበት ቅጽበት ናጊናታዎቹ ደረሱ። ታኬኮ በጥይት ወደቀች። ጭንቅላቷን ጠላት እንዳይወስደው እህቷ ቆርጣ ይዛው ሄደች፤ በሆካይጂ መቅደስ ተቀበረ።

የዛሬው ስፖርት ከጥንቱ በምን ይለያል?

የመላው ጃፓን ናጊናታ ፌዴሬሽን በ1955 ተመሠረተ፤ ዓለም አቀፉ በ1990። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1995 በቶኪዮ ተካሄደ። አዲሱ ስፖርት ስሙን በቻይና ፊደል ሳይሆን በጃፓን ተራ ፊደል ይጽፋል፤ «ማጨጃ» የሚለውን ትርጉም ሆን ብለው ትተውታል።

የውድድሩ ናጊናታ ከ2.10 እስከ 2.25 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ650 ግራም ማነስ የለበትም። ዛቢያው የኦክ እንጨት ነው፤ ስለቱ ደግሞ ሁለት ጎባጣ የቀርከሃ ፍላጮች በአንድ ታስረው ነው። የመምቻ ቦታዎቹ ራስ፣ የእጅ አንጓ፣ የደረት ጎን፣ ቅልጥምና ጉሮሮ ናቸው። ምቱ የሚቆጠረው ከጫፉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ሲያርፍ፣ ድምፅ ሲወጣና አቋም ሳይፈርስ ሲቀር ነው። በጥንድ የሚታይ፣ ጥሩር የማይለበስበት፣ ዳኞች ጥራቱን ብቻ የሚመዝኑት ኤንጊ የሚባል ውድድርም አለ።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፦ ሁለቱንም እጅ አጥብቆ መያዝ። የኋላ እጅ ይይዛል፣ የፊት እጅ ይመራል። ካልተንሸራተተ ርቀት ማሳጠርና ማስረዘም አይቻልም፤ የናጊናታ ጥበብ ደግሞ ያ ነው።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ቀርከሃውን መፈተሽ ግዴታ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ከሥር ወደ ጫፍ ይሳቡበት፤ ክር ከያዘ ስንጥር አለ ማለት ነው። ስንጥር በራስ መከላከያው ፍርግርግ አልፎ ዓይን ይገባል። ላይ ላዩን የተነሳ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ወደ ቀርከሃው አቅጣጫ ብቻ ይሙረዱት። በቁመቱ ከተሰነጠቀ ግን ይጣላል፤ በፕላስተር አይጠገንም። ፍላጮቹን ከዛቢያው ጋር የሚይዘው ነጭ ፕላስቲክ ፕላስተር ከላላ ፈትቶ እንደገና መጠምጠም እንጂ በላዩ ላይ መደረብ ጥሩ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው መላላቱን ይቀጥላል።

ጥንታዊ ናጊናታ ከጃፓን ገዝቶ ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ በወረቀት። በጃፓን ሕግ 15 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የናጊናታ ስለት በክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ የተሰጠ የምዝገባ ካርድ ሊኖረው ይገባል፤ ካርዱ ስለቱን ይከተላል። ጃፓን ውስጥ ባለቤት ሲለወጥ በ20 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው። ከአገር ለማውጣት ደግሞ ከባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የወጪ ፈቃድ ማስፈለጉ አይቀርም፤ በቅርስነት የተሰየመ ግን አይወጣም። ካርድ የሌለው ስለት በርካሽ ቢቀርብልዎ አይንኩት። የሚኖሩበት አገር የማስገቢያ ሕግም ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ ነው።

እንዴት ይጠበቃል?

የብረቱ ጠላት የጣት ላብ ነው፤ አንድ የጣት አሻራ ዝገት ያስነሳል። ሰገባው ሲወልቅ ስለቱ ወደ ላይ ዞሮ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ እንጨቱን ይቆርጠዋል። አሮጌው ዘይት በለስላሳ ወረቀት ከጀርባው በኩል ተይዞ ከሥር ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠረጋል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከዚያ ቾጂ የሚባለው፣ በቅርንፉድ መዓዛ የሚታወቀው ዘይት በስሱ ይቀባል። የሚያብረቀርቅ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ ትርፉ ዘይት ሰገባው ውስጥ ተጠራቅሞ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ደግሞ ሲገባና ሲወጣ ብረቱን ይጭራል።

ናካጎውን ግን አያጽዱት። በላዩ ላይ ያለው ጥቁር ዝገት የስለቱ የልደት ወረቀት ነው፤ ባለሙያ ዕድሜውን የሚገምተው በቀለሙና በጥልቀቱ ነው። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበራ ናካጎ ያለው ስለት ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል፤ ያንን ዝገት መልሶ ማምጣት የሚችል ባለ እጅም የለም።